ቤት፣ ሰው እና መዝገብ፦ ከካዛንቺስ የተነሣ የዳታቤዝ ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ በሁለት የትምህርት ዘርፎች ድንበር ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ዘርፍ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሲሆን፣ በድረ ገጽ መተግበሪያ ማዕቀፎች ውስጥ እርስ በርሳቸው የተዛመዱ የዳታቤዝ ሞዴሎች እንዴት እንደሚነደፉ ይጠይቃል። ሁለተኛው የከተማችን ታሪክ ነው፤ በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰውና ቤት በመዝገብ ላይ እንዴት እንደተሳሰሩ ይመረምራል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ሁለቱ ጥያቄዎች በመሠረቱ አንድ መሆናቸውን ነው። ሞዴል የሚነድፍ ሰው «ማን የማን ነው? አንዱ ሲጠፋ ሌላው ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ይህን ጥያቄ የአዲስ አበባ ጸሐፊዎች ኮምፒዩተር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት በቀለምና በወረቀት ሲመልሱት ኖረዋል። የመለሱበት መንገድም እስከ ዛሬ ድረስ በነዋሪው ሕይወት ላይ ውጤት አለው።

ከስሙ ልጀምር። ካዛንቺስ የአማርኛ ቃል አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ «ኢንቺስ» በሚል ምሕፃረ ቃል የሚጠራ ተቋም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን በዚህ ሠፈር ሠራ። ተቋሙ በጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚያስገነባ ብሔራዊ ድርጅት ነበር። «ካዛ» ማለት ቤት ነውና «ካዛ ኢንቺስ» የሚለው መጠሪያ በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ከወጣ በኋላ ድርጅቱም ሠራተኞቹም ከአገራችን ሄዱ፤ ስሙ ግን ቀረ። በሙያችን ቋንቋ ብንገልጸው፣ የሚያመለክተው ረድፍ ተሰርዞ አመልካቹ ብቻ የቀረ ቁልፍ ነው። ዳታቤዝ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል፤ ከተማ ግን ይኖርበታል። ይህን ልዩነት እስከ ንግግሬ መጨረሻ አብራችሁኝ እንድትይዙት እለምናለሁ።

አሁን ወደ ሙያው እመለሳለሁ። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዝምድናዊ የዳታቤዝ ሞዴል ያቀረበው በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ኤድጋር ኮድ ነው። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1970፣ በእኛ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሥርዓቶች መረጃን እንደ ዛፍ ወይም እንደ መረብ ይይዙ ነበር፤ አንድ ልጅ ረድፍ የሚገኘው በወላጁ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ መረጃው ለመድረስ መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነበር። ኮድ ያመጣው ለውጥ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ እንዲቀመጥ፣ በሠንጠረዦች መካከል ያለው ዝምድናም በሥውር መንገድ ሳይሆን በግልጽ በሚታይ ዋጋ፣ ማለትም በቁልፍ፣ እንዲገለጽ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ፒተር ቼን የአካላትና የዝምድና ሥዕላዊ አነዳደፍን አሳተመ። ዛሬ ተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ሣጥንና መስመር እየሣሉ የሚማሩት የዚያን ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለእኛ አገር ፈጽሞ እንግዳ ነበር ማለት አይቻልም። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በብራና መጻሕፍታቸው ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ይመዘግቡ ነበር። በእነዚያ መዛግብት ሻጩ፣ ገዢው፣ መሬቱ፣ ዋጋውና ምስክሮቹ ይጻፋሉ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጸሐፊው መሬቱን በገዢው ስም ሥር አስገብቶ ብቻ አላለፈም፤ ሽያጩን ራሱን እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ ዋጋ፣ ዘመንና ምስክር ሰጥቶታል። ዛሬ በማዕቀፎቻችን ውስጥ ሁለት ሞዴሎች በብዙ ለብዙ ዝምድና ሲገናኙ በመካከላቸው የምናቆመው ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ዝምድና ራሱ የራሱ ታሪክ ያለው ነገር መሆኑን የጎንደር ጸሐፊዎች ያውቁ ነበር። የእኛ ዘመን ችግር ይህን ዕውቀት መርሳታችን ነው።

መርሳታችን በሦስት ቦታዎች ይታየኛል፤ በስም፣ በቤትና በመሰረዝ።

ስለ ስም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። የዚህ ሕግ 32ኛ አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ የግል ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ይደነግጋል። የቤተ ዘመድ ስም ግን በኢትዮጵያ ምድር በተግባር አልዋለም። ሕጉ አንድ ዓምድ ከፈተ፤ ሕዝቡ ዓምዱን ባዶ ተወው። እኛ ዛሬም የራሳችንን ስም፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዘን እንሄዳለን።

ይህ ታሪክ ተመልሶ በኮምፒዩተር መጣብን። ጃንጎ የተባለውን የፓይተን ማዕቀፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ክፍል ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። አብሮት የሚመጣው የተጠቃሚ ሞዴል ሁለት የስም ዓምዶች አሉት፤ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም»። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የአባታቸውን ስም በሁለተኛው ዓምድ ያስገባሉ፤ ከዚያም በዓምዱ ቤተሰብን ለመፈለግ ይሞክራሉ። ውጤቱ ምን ይሆናል? እኅትና ወንድም በአንድ ቡድን ይወድቃሉ፤ እናታቸው ከቡድኑ ውጭ ትሆናለች፤ አባታቸውም እንዲሁ፤ ዝምድና የሌላቸው የብዙ «ተስፋዬ» ልጆች ግን ወንድማማቾች ይሆናሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በየአየር ማረፊያው ያውቁታል፤ አባትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲቀርቡ ዝምድናቸውን እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ።

መፍትሔው የስም ዓምዶችን ማብዛት አይደለም። በእኛ ባህል የአባት ስም የልጁ ንብረት ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው የሚያመለክት ቁልፍ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ሞዴል «ሰው» የተባለው ሠንጠረዥ ወደ ራሱ የሚያመለክት ዝምድና ያለው ነው፤ አንድ የአባት ቁልፍ፣ አንድ የእናት ቁልፍ። ስሙን ከዚያ እናገኘዋለን። እናት በሞዴሉ ውስጥ ከአባት እኩል ቁልፍ ያላት ትሆናለች። ይህ ትንሽ ውሳኔ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት ሴት ልጇን በመዝገብ ለማግኘት በባሏ በኩል ማለፍ አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው።

ስለ ቤት። ወደ ቂርቆስ እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። «ትርፍ» የሚለውን ቃል አስተውሉት። አንድ ቤት ትርፍ መሆኑን ለማወቅ ቤቱን ማየት አይበቃም፤ የባለቤቱን ሌሎች ቤቶችና ቤተሰቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዋጁ በተፈጥሮው የዝምድና ጥያቄ ነበር፤ «ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ቤተሰብ ጋር የተያያዙት መኖሪያ ቤቶች ከአንድ ይበልጣሉን?» ከተወረሱት መካከል ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አጠናከረ። የምናውቀው ቀበሌ በሁለት እግሩ የቆመው በዚህ ጊዜ ነው።

ቀበሌ ሞዴል ነበረው፤ ንድፉም በጣም ግልጽ ነበር። ወላጁ ሠንጠረዥ ቤት ነው፤ ቁልፉም የቤት ቁጥር። ከእያንዳንዱ ቤት ሥር የቤተሰብ ቅጽ አለ፤ በቅጹ ራስ ላይ አባወራ ወይም እማወራ፣ ከሥራቸው ልጆች፣ ከዚያም ዘመድ፣ የቤት ሠራተኛና ደባል ይጻፋሉ። ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ዘይት የሚወሰደው በዚህ ቅጽ ነበር፤ መታወቂያ የሚወጣው በዚህ ቅጽ ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚፈለገውም በዚህ ቅጽ ነበር። በዚህ ንድፍ ሰው በራሱ አይቆምም። ሰው የቤት ልጅ ነው። ቤት የሌለው ሰው ቁልፍ የለውም።

ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው «መሸኛ» ይዞ መሄድ የነበረበት ለዚህ ነው። መሸኛ በወረቀት የተጻፈ የቁልፍ ማሻሻያ ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ሰው ከዚህ ቤት ነቅላችሁ ከዚያ ቤት ትከሉት» ይላል። መሸኛው በመንገድ ቢጠፋ ሰውየው በሁለቱም መዝገብ የለም። ባለሙያዎች በአንድ ላይ መፈጸም ያለበትን የሥራ ቅደም ተከተል ትራንዛክሽን እንለዋለን፤ መሸኛ ግን ግማሹ በአንድ ቢሮ፣ ግማሹ በሌላ ቢሮ የሚፈጸም፣ መካከሉን ሰውየው በኪሱ ይዞት የሚዞር ትራንዛክሽን ነበር።

ቁልፉም ቢሆን ጽኑ አልነበረም። ዋና ቁልፍ የማይለወጥና የማይደገም ሊሆን ይገባዋል። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች እንደገና ስትዋቀር ቀበሌዎች ተጣመሩ፤ ቆይቶም ወረዳ የሚለው ስያሜ የቀበሌን ቦታ ወሰደ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ሰውየው ከአልጋው ሳይነሣ አድራሻው ተለዋወጠ። በብዙ መታወቂያዎችና የንግድ ወረቀቶች ላይ በቤት ቁጥር ቦታ «አዲስ» የሚል ቃል ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ማለት ነው። ይህን መረጃ ወደ ዳታቤዝ ለማስገባት የሞከረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቤቶች ሁሉ ቁልፋቸው «አዲስ» ይሆናል፤ ሥርዓቱም ሁሉንም እንደ አንድ ቤት ይቆጥራቸዋል።

ስለ መሰረዝ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥፋት መናገር ይኖርብኛል፤ ያለዚያ የምለው ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ይሆናል።

በ2002 ዓ.ም. ገደማ አንድ መሥሪያ ቤት የነዋሪዎችን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እንዳስገባለት ጠየቀኝ። ማዕቀፉ ጃንጎ ነበር። የወረቀቱን ንድፍ እንዳለ ወሰድኩት፤ ቤት ወላጅ፣ ሰው ልጅ፣ በመካከላቸው አንድ የውጭ ቁልፍ። ጸሐፊዎቹም ደስ አላቸው፤ የሚያውቁትን ነገር ነበርና ያሳየኋቸው። ከወራት በኋላ የፈረሱ ቤቶች ዝርዝር መጣ፤ ቤቶቹን ከሥርዓቱ ሰረዝን። በዚያን ዘመን ጃንጎ ወላጅ ረድፍ ሲሰረዝ ልጆቹን ሁሉ ተከትሎ ይሰርዝ ነበር፤ ይህን ባሕርይ «ካስኬድ» እንለዋለን፤ ፏፏቴ እንደማለት ነው። ቤቶቹ ሲሄዱ ሰዎቹ አብረው ሄዱ። ማንም አላወቀም።

ያወቅነው አንዲት አሮጊት ለመታወቂያ እድሳት መጥተው «እናቴ፣ የሉም» በተባሉ ጊዜ ነው። እርሳቸውም በመስኮቱ ፊት ቆመው «ልጄ፣ እንግዲህ እኔ ይኸው ነኝ» አሉ። እኔ ከጀርባ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ያዳነን በዕድሜ የገፉ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ የድሮውን የወረቀት ቅጽ «ይቃጠል» ቢባሉም አላቃጠሉትም ነበር። ከዚያ ቅጽ ሰዎቹን አንድ በአንድ መለስናቸው። መረጃን ስለ መጠበቅ ከእኝህ ሰው የተማርኩት ለዶክትሬት ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ጠቅሞኛል።

ጥፋቱ የማዕቀፉ ነበር ልል አልችልም። ሞዴሉን የነደፍኩት እኔ ነኝ። የወረቀቱ ቅጽ ሰውን ከቤት ጋር ቢያስርም ጸሐፊው ቤት ሲፈርስ ሰው እንደማይሞት ያውቅ ነበር፤ ይህ ዕውቀት በቅጹ ላይ ሳይሆን በጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። እኔ ቅጹን ወሰድኩ፤ ዕውቀቱን ተውኩት። የማዕቀፉ ሠሪዎችም ይህን ችግር ተገንዝበዋል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ነዳፊው ከካስኬድ ሌላ አማራጭ እንዲመርጥ ፈቀዱ፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በወጣው ሁለተኛው ዋና እትም ምርጫውን ግዴታ አደረጉት። ዛሬ የውጭ ቁልፍ የሚጽፍ ሁሉ ወላጁ ሲሰረዝ ልጁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳያሳውቅ ማለፍ አይችልም፤ አብሮ ይሰረዝ? መሰረዙ ይከልከል? ወይስ ልጁ ይቆይና ቁልፉ ባዶ ይሁን?

አሁን ወደ ካዛንቺስ ልመልሳችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ የሠፈሩ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ስለ ልማቱ አስፈላጊነት ወይም ስለ አፈጻጸሙ የሚከራከሩ ሌሎች መድረኮች አሉ፤ እኔ የምጠይቀው የሙያዬን ጥያቄ ነው። ወላጁ ረድፍ ሲሰረዝ የልጆቹ ዝምድና ምን ሆነ?

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ስናነጻጽር አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በሰውየው ስም እንዲመዘገቡ ደነገገ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ደግሞ ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። የፋይዳ ቁጥር የተያያዘው ከሰውየው ጣትና ዓይን ጋር ነው እንጂ ከቤት ቁጥር ጋር አይደለም። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በአገር አቀፍ መዝገብ ላይ ወላጅ ሠንጠረዥ ሆነ ማለት ይቻላል። ቤቱ ቢፈርስ ሰውየው በመዝገብ አይፈርስም። ይህን እንደ ትልቅ እርምጃ እቆጥረዋለሁ፤ በዚያ መስኮት ፊት የቆሙትን አሮጊት ያየ ሰው አቅልሎ ሊያየው አይችልም።

ነገር ግን ጽኑ ቁልፍ የሚጠብቀው ረድፉን እንጂ ዝምድናውን አይደለም። የካዛንቺስ ሰው ከቤቱ ጋር ብቻ አልነበረም የተሳሰረው። ከእድሩ ጋር ተሳስሯል። እድር ደግሞ በከተማችን ካሉት ሁሉ እጅግ የረቀቀ ዝምድናዊ ሞዴል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቤተሰብ በብዙ እድሮች አባል ሊሆን ይችላል፤ አንድ እድርም ብዙ ቤተሰቦች አሉት፤ ይህ ብዙ ለብዙ ነው። አባልነቱ የራሱ ዓምዶች አሉት፤ የገባበት ዘመን፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቅጣት። ክፍያው በዝምድና ደረጃ ይለያያል፤ ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ የሚከፈለው ለእኅት ወይም ለአማት ከሚከፈለው ጋር በብዙ እድሮች እኩል አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባሉ ሲሞት የእድሩ መዝገብ አይሰርዘውም፤ የእድሩ ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በእድር መዝገብ ካስኬድ የለም።

ሰዎች ወደ ተለያዩ ቦታዎች ሲዛወሩ በየትኛውም የመንግሥት ዳታቤዝ ውስጥ ይህ ዝምድና ዓምድ አልነበረውም። ቤቱ ተቆጠረ፤ ሰውየው ተቆጠረ፤ ጎረቤትነት ግን አልተቆጠረም። ያልተመዘገበ ዝምድና ሲበጠስ የስሕተት መልእክት አይታይም። ሥርዓቱ በትክክል ሠርቷል፤ ጥሪው የሚነፋለት ለቀስተኛ ግን በሌላ ሠፈር ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምተወው ምክር ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው።

የአገራችንን ሰው በሞዴል ስትነድፉ ሰውን በራሱ አቁሙት፤ ከማንም ሥር አታስገቡት። ቤትን እንዲሁ በራሱ አቁሙት። በመካከላቸው «ነዋሪነት» የተባለ ሦስተኛ ሠንጠረዥ አቁሙ፤ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የገባበት ሁኔታ ይኑረው፤ ባለቤት፣ ተከራይ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ፣ ደባል። ሰው ሲዛወር አሮጌው ረድፍ አይሰረዝም፤ የወጣበት ቀን ይሞላል፤ አዲስ ረድፍም ይጨመራል። ያን ጊዜ መሸኛ ከሰውየው ኪስ ወጥቶ ወደ ሥርዓቱ ይገባል። የቤት ቁጥርን፣ የወረዳንና የክፍለ ከተማን ስም ዋና ቁልፍ አታድርጉ፤ ዓምድ ይሁኑ፤ ከነዘመናቸው። የአባትንና የእናትን ስም እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ዝምድና ያዙ። የፈረሰን ቤት አትሰርዙት፤ «ፈረሰ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። የፈረሰ ቤት የነበረ ቤት ነው፤ የካሣ፣ የውርስና የምስክርነት ጥያቄ ወደ እርሱ መመለሱ አይቀርም።

የውጭ ቁልፍ ስትጽፉ ደግሞ ማዕቀፉ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ እንደ ሥርዓተ ነጥብ አትለፉት። «ይህ ሲጠፋ ያ ምን ይሆናል?» የሚለውን መልስ ኮምፒዩተሩ አያውቀውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት በመዝገብ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ሂዱና ጠይቋቸው። ሻይ ጋብዟቸው። ያላቃጠሉትን ነገር እንዲያሳዩአችሁ ለምኑአቸው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የሠሪው ድርጅት ከሄደ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቷል። ቤቶቹም አሁን ከሞላ ጎደል ሄደዋል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ የሚያመለክተው ነገር አለ፤ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» የሚሉ ሰዎች በየዳርቻው ይኖራሉና። የእኛ ሙያ እነዚህን ሰዎች ከነዝምድናቸው መያዝ የሚችል መዝገብ ካልሠራ የነደፍነው ሞዴል ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ጎደሎ ነው።